ውሃ የማይጠይቅ አበባ

ሰው ቤት ቡና ስትጠሩ ጀበናው እስኪፈላ ብዙ ጊዜ አላችሁ። ስልካችሁን ከመነካካት ጠረጴዛው ላይ ያለውን አበባ ጠጋ ብላችሁ እዩት።

ቀይ ጽጌረዳ ነው። የፈካው ክፍል ጨርቅ ሲሆን ጠርዙ ላይ ክሩ መተርተር ጀምሯል። ግንዱ ላስቲክ ነው፤ ውስጡ ሽቦ ስላለ ወደ ፈለጋችሁት ይታጠፋል። እሾህ ሳይቀር አለው። እሾሁን ማን ጠየቀ? ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጤዛው ነው። አበባው ላይ ጠብ ጠብ ያለ ነጭ ሙጫ አለ፤ ጠዋትም ማታም፣ በጋም ክረምትም አይደርቅም። ጨርቁን እሺ፣ ሽቦውንም እሺ ብያለሁ። ያን ሙጫ ያንጠባጠበው ሰው ግን እኛን ለመሸወድ ቆርጦ የተነሳ ነው።

አገራችን እኮ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ላኪ ናት። የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ ተቆርጦ፣ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ደርሶ፣ በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ ይበራል። በምትኩ የቻይናው በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያ በከባድ መኪና መርካቶ ይገባል። ምን አስቸኮለው፣ አይጠወልግ!

ይህን ለቤቱ እመቤት ብትነግሯቸው መልሳቸው ዝግጁ ነው፦ «ልጄ፣ የእውነቱ ውሃ ይፈልጋል። ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው።» አፍ ያስይዛል። ብቻ ለበዓል ዋዜማ ያው አበባ ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ በኦሞ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ከካልሲ ጎን ተሰቅሎ ጸሐይ ይሞቃል።

ወለሉ ላይ ደግሞ አርቴፊሻል ቄጠማ አለ። የእውነቱ ቄጠማ ለበዓል ይጎዘጎዛል፣ ቤቱን በሽታው ያውዳል፣ ሲደርቅ ተጠርጎ ይወጣል። ይሄኛው ተነጥፎ ቀረ። ፈንዲሻ ሲበተንበት ይውጠዋል፤ ለፋሲካ የገባች ፈንዲሻ ለመስቀል ትገኛለች። ፍም ሲወድቅበትማ አይነሳ። ይቀልጥና ዕጣኑን የሚያስንቅ ሽታ ይለቃል፤ ጥቁር ቀዳዳም ይተርፋል። ረከቦቱ ለምን ከዚያች ቦታ ንቅንቅ እንደማይል አሁን ገባችሁ?

ዳንቴሉን አልነካም። በኪሮሽ የተሠራ ነው፤ ቀዳዳው ሁሉ ታስቦበት የተተወ ነው። እዚህ ቤት የሰው እጅ የለፋበት ጌጥ ቢኖር እሱ ነው። ችግሩ ማረፊያ ማጣቱ። ድሮ ቴሌቪዥኑ ወፍራም ሳለ አናቱ ላይ ተንሰራፍቶ ይውል ነበር። ቴሌቪዥኑ ከስቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ዳንቴሉ ወደ ሪሲቨሩ ወረደ። ሪሲቨሩ ለምን እንደሚግል ግን የሚጠይቅ የለም።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ወደ ምግብ ጠረጴዛው ዞር በሉ። የላስቲክ ፍራፍሬ በሳህን ተደርድሯል። ወይኑ ፍሬ በፍሬ ከግንጣዩ እየወለቀ ስለሚጠፋ በየሶፋው ስር መፈለግ ነው። ሙዙ መሃሉ ላይ ሲፋቅ ነጭ ሆኗል። ቀዩ ፖም ጀርባውን አዙሮ ተቀምጧል። ብታገላብጡት ጎኑ ላይ የጥርስ ምልክት ታገኛላችሁ። እመቤቲቱ በልጆቹ ያሳብባሉ። የንክሻው ስፋት ግን የአዋቂ ነው።