ምስጋና ለሴትዮዋ

ባለፈው የበዓል ሰሞን ለመዝናናት ብለን ሐዋሳ ደርሰን መጣን። ስለ መንገዱ የምነግራችሁ አንዳችም ነገር የለኝም። ስኬት ማለት ይኼ ነው።

መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አራት ሰው፣ አራት ስልክ። ዓይናችንን ከሰማያዊዋ መስመር ሳንነቅል በሰላም ደረስን። የዝዋይ ሐይቅ በግራ በኩል ነበር አሉ። ከዚያ ወረድ ሲሉ መንገዱ በሁለት ሐይቆች መሀል ያልፋል፤ ላንጋኖ በግራ፣ አብያታ በቀኝ። ይህንንም ያወቅሁት ከስልኩ ነው። ስልኩ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥርት ያለ ሰማያዊ ናቸው። ወርደው ያዩ ሰዎች ላንጋኖ ቡናማ ነው ይላሉ። ሰው መቼም ማውራት ይወዳል።

ስለዚህ ዛሬ ሴትዮዋን ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ታውቋታላችሁ። ስልክ ውስጥ ሆና «ከ300 ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ» የምትለዋ። አትቆጣም፣ አትሰለችም። ብትሳሳት «ብዬህ ነበር» አትልም። ዝም ብላ ሌላ መንገድ ታወጣልሃለች። የአገራችንን ስሞች ስትጠራ ምላሷ ይታሰራል እንጂ ሌላ እንከን የላትም።

እስቲ አስቡት። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳተላይቶች ይዞራሉ። የአሜሪካ ጦር ያመጠቃቸው ናቸው። ቢያንስ አራቱ ሲተባበሩ እኔ መቂ ከተማ መሀል መሆኔ ይታወቃል። ይኼ ሁሉ ድካም ለምን? እኔ መስኮት ዝቅ አድርጌ ቲማቲም የምትሸጠዋን ልጅ «መቂ ይኼ ነው?» ብዬ እንዳልጠይቃት።

በነገራችን ላይ፣ እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ጦሩ ለተራው ሰው የሚደርሰውን ሲግናል ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። እስከ 100 ሜትር ያሳስት ነበር። ፈረንጆቹ ይኼን እንደ ትልቅ ስህተት ቆጥረውት ነበር አሉ። እኛ አገር «እዚችው ናት» የተባለ ቦታ በ100 ሜትር ቢገኝ ስለት ይገባለታል።

አጎቴ ግን እስካሁን አልዳነም። ጋሼ መኪናው ኪስ ውስጥ የወረቀት ካርታ ይዞ ነው የሚዞረው። አንድ ለሁለት ሚሊዮን የሚባለው፣ ድሮ ከካርታ ሥራ ድርጅት የገዛው። በዚያ ካርታ 1 ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ አንድ ስንዝር አይሞላም። ከመታጠፍ ብዛት እጥፋቱ ላይ የወደቁት ከተሞች ተልጠዋል። መቂ ከጠፋች ስንት ዓመቷ። አጎቴ ግን ጣቱን ባዶው ላይ አሳርፎ «እዚህ ጋ መቂ አለች» ይላል። የአዳማውን የፍጥነት መንገድም ካርታው አያውቀውም፤ መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው የተከፈተው። ምን ያደርጋል? በቀይ እስክሪብቶ ራሱ ሠራው። ከመንግሥት ቀጥሎ የፍጥነት መንገድ የሠራ እሱ ብቻ ነው።

መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ካርታውን ኮፈኑ ላይ ይዘረጋና ነፋስ እንዳይወስድበት አራቱን ጥግ በድንጋይ ይጭናል። ወዲያው የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይከበዋል። ከዚያ፣ ለመናገርም ያሳፍራል፣ ሰው ይጠይቃል!

አንድ ጊዜ በቡታጅራ በኩል አድርጎ ሐዋሳ ሊሄድ ተነሳ። መልካ ቁንጥሬ አካባቢ ያለ ቦታው ታጠፈ። አዛውንት አገኘና ጠየቀ። «በዚሁ ነው፣ እኔም በዚያው ነኝ» ብለው ገቡ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያሉት ዐሥራ አምስት ሆነ። የወሰዱት አዳዲ ማርያም ነው፤ ከአለት የተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን ጋ። ቀኑ ደግሞ 21 ሆኖ ተገኘ። ጠበል ጸዲቅ ሳይቀምስ አንሰድም አሉት። በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተመርቆ ወደ ዋናው መንገድ ተመለሰ። ከዚያ ደግሞ ጥያ ላይ ወረደ። ትክል ድንጋዮቹን፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸውን፣ አንድ በአንድ እየዞረ ሲቆጥር ዋለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 መዝግቧቸው የለ? የተመዘገበ ነገር ምን ያስቆጥራል? ሐዋሳን ሳያይ መሸ። ቡታጅራ አደረ። እስከ ዛሬ ያንን ጉዞ እያነሳ ያደክመናል። አዛውንቱ አሁንም በፋሲካ ይደውሉለታል።

አያችሁ ኪሳራውን? ሴትዮዋ ብትሆን ገና ሲታጠፍ ትመልሰው ነበር። ምሳ ብላም አትልም። በፋሲካም አትደውልም።

እኛ ግን እምነታችን ጽኑ ነው። ብቻችንን ደግሞ አይደለንም፤ በዓለም ዙሪያ ቀዳሚዎች አሉን። እ.ኤ.አ. በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ ሦስት ጃፓናዊ ቱሪስቶች የተከራዩትን መኪና ወደ ባሕር ነዱት። ፊት ለፊት ደሴት አለ፤ መሣሪያው መንገድ አለ ብሏል። ውኃው ሸሽቶ ስለነበር ጭቃው ላይ ትንሽ ሄዱ። ከዚያ ባሕሩ ተመልሶ መጣ። ሰዎቹ ተርፈዋል፣ መኪናዋ ቀረች። በዓመቱ ደግሞ አንዲት ቤልጂየማዊት ብራስልስ ባቡር ጣቢያ ሰው ልትቀበል ከቤቷ ወጣች። ክሮኤሺያ ዋና ከተማ ዛግሬብ ደረሰች። በመሀል ነዳጅ ቀድታለች፣ እንቅልፍ ሲጥላት ዳር ይዛ ተኝታለች። ታፔላው ቋንቋ ሲቀያይር ምን ገዷት? ታፔላ ማንበብ የጥርጣሬ መጀመሪያ ነው።

እንዲህ ያለውን ጽናት አገር ውስጥም እያየነው ነው። «ሎኬሽን ላክልኝ» ሳይባል የሚደረስበት ቤት የለም። ሠርግ በሎኬሽን፣ ክርስትና በሎኬሽን። ባለፈው ለቅሶ ልንደርስ ሄደን ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ተተክሏል። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። እኛ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን ሴትዮዋ «ደርሰዋል» እስክትል ጠበቅን። ካላለች እንዴት ይለቀሳል?

በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎችማ ጥበቡን ከፍ አድርገውታል። ሾፌሩ ያለሁበትን ነጥብ እያየ ይደውላል። «የት ጋ ነዎት?»

«ሎኬሽኑ ላይ ነኝ።»

«እሱማ ይታየኛል። ግን የት ጋ?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ኮብልስቶኑ ጋ።»

«አሃ! እንዲህ አይሉኝም!»

ይኼ ቅራኔ አይደለም። የሥራ ክፍፍል ነው። ሳተላይቱ ያለሁበትን ያውቃል፣ ሾፌሩ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑን።

እርግጥ በሐዋሳው ጉዞ ትንሽ እክል አላጣንም። የፍጥነት መንገዱ ላይ ሞጆ መውጫ ስንቃረብ አንዷ እህታችን ደወለች። የሠርግ ቤት ሎኬሽን ፈልጋ ነው። ስልኩ ሲጮህ ሴትዮዋ ዝም አለች። ሞጆ የሚል ታፔላ፣ ከእኛ መኪና የሚበልጥ፣ በላያችን አለፈ። ማናችንም አልታጠፍንም፤ አልታዘዝንማ። ያ መንገድ ደግሞ መሀል ላይ አያዞርም። አዳማ ደረስን። ከፈልን። ተመለስን። አዳማን አየን ማለት ግን አይቻልም።

ሐዋሳ ላይ ዓሣ በላን፣ ሐይቁን ቀረጽን። ስንመለስ ቡልቡላ አካባቢ ፀሐዩ ከረረ። ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈው ስልክ ጋለና ጠፋ። የሌሎቻችን ባትሪ በቪዲዮው አልቋል። ቻርጀሩ አንድ፣ እሱም ከጋለው ስልክ በቀር አይገባም። ሾፌራችን አስተዋይ ሰው ነው። ዳር ይዞ ቆመ።

ስልኩን ጥላ ቦታ አስቀመጥነው። በውኃ ጠርሙስ ደገፍነው። አንዱ በኮፍያው ያራግብለት ጀመር። ፊት ለፊታችን አንድ አስፋልት ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ወደ ሐዋሳ፣ ወይ ወደ አዲስ አበባ። ፍየሎች እየጠበቀ የነበረ ልጅ ቀረብ ብሎ በመስኮቱ አየን።

«ምን ሆናችሁ?»

«መንገዱ እስኪቀዘቅዝ ነው» አልነው።

«ወዴት ናችሁ?»

«አዲስ አበባ።»

በዱላው አስፋልቱን አሳየን። «እዚችው ናት፣ ቀጥታ ነው።»

አመሰገንነውና መስኮቱን ዘጋን። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስልኩ በራ። ሴትዮዋ ጉሮሮዋን የጠረገች መሰለን።

«ቀጥታ ይሂዱ» አለች።