ባትሪው ምን አጠፋ?

እኔ የምለው፣ ጅማ ውስጥ አሮጌ መኪና አልነሳም ባለ ቁጥር ባትሪ የሚከሰሰው በየትኛው ሕግ ነው? ቮልሷ ጠዋት አንዴ «ቀጭ» ብላ ዝም ካለች ፍርዱ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ሳይወጣ ይሰጣል፦ «ሞቷል፣ ቀይረው»። ፈራጁ ባትሪው የት እንዳለ እንኳ አያውቅም፤ ኮፈን ይከፍታል። ከኋላ ወንበር ሥር ነው ጌታዬ፣ በቀኝ በኩል!

መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ይለካ። 12.6 ቮልት ካለ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ላይ ቻርጅ ይፈልጋል። 12 ላይ ወርዶ ሳምንታት ከተተወ ግን ፕሌቱ (ውስጡ ያለው የእርሳስ ዝርግ) ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋገርና ያኔ የምር ይሞታል። ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፍ ሲያዞር የባትሪው ጫፎች ላይ ይለካ፤ ከ9.6 በታች ከወረደ እሺ፣ ውቀሱት። ከ10 በላይ እያሳየ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ካቃሰተስ? ባትሪው ንጹሕ ነው፤ ኃይሉ መንገድ ላይ ቀርቷል።

መንገዱ ማለት ማሳ ነው፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ከመኪናው ቦዲና ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ። ይህ የጅማ ዝናብና እርጥበት ማሳው የሚታሰርበትን ብረት ዝገት ያለብሰዋል። ቮልስ ላይ ከባትሪው ወደ ቦዲ ከሚሄደው ሌላ ከካምቢዮው ፊት ወደ ቦዲ የሚሄድ ጠፍጣፋ የተጎነጎነ ሽቦ አለ። እሱን ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ቁልፍ ማዞር ነው፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ሌባው ተያዘ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ ከዚያ ማሳውን አውጥታችሁ ሁለቱንም ጫፍ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፤ አጥብቃችሁ አስራችሁ ግራሶ ቀቡት። ኔጌቲቩ መጨረሻ ይመለሳል። በቃ።

«አሲድ ጨምርበት» የሚሉትንስ ምን እንበላቸው? የሚተነው ውሃው ነው እንጂ አሲዱ አይደለም! አሲድ በተጨመረ ቁጥር ፕሌቱ ይበላል። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው፣ ፕሌቱን በአንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሸፍን። የሃይላንድ ውሃም አይሆንም፤ ማዕድን አለበት። ውሃው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ሬጉሌተሩን (የቻርጁን ቮልት የሚቆጣጠረውን) ጠርጥሩ፤ ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ከ14.5 ቮልት በላይ ከላከ ባትሪውን እየቀቀለው ነው።

ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የሚጠቀልሉትን ተዉኝ። ነጩ ፊውዝ 8 አምፔር የሆነው ከሽቦው በፊት እሱ እንዲቃጠል ነው። ወረቀቱ አይቃጠልም፣ ሽቦው ይነድዳል።

የድሮ ዲናሞ ደግሞ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) ቻርጅ አያደርግም ማለት ይቻላል። ክረምት ላይ ፍሬቻ፣ መብራትና ዝናብ መጥረጊያ አብርቶ ከባጃጅ ኋላ እየተንፏቀቁ መርካቶን መዞር ባትሪ መጠጣት ነው። ማታ ቤት ሲገባ በቻርጀር፣ በ4 አምፔር፣ ቀስ ብሎ እስኪነጋ ቢሞላ ምን ነበረበት?

ግን ማን ይሰማል! አዲስ ባትሪ ይገዛል፣ ሳምንት ሳይሞላ ያቺው «ቀጭ»። አሁን ደግሞ «ባትሪው ፎርጅድ ነው» ተባለ። ማሳው እዚያው ዝጎ ተቀምጧል።