የጥምቀት ዶሮና የተገዛ እንጀራ

ጎንደር አራዳ አካባቢ የምንውል ጥቂት ሰዎች ከሥራ መልስ አብረን ቡና እንጠጣለን። ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ጥምቀት ነው። ጎንደር ለጥምቀት ዘመድ የማይመጣበት ቤት የለምና፣ ማን ማንን እንደሚያሳድር፣ ፍራሽ ከየት እንደሚለመን ስንጫወት፣ ባንክ ቤት የምትሠራው ልጅ ክርክሩን ጀመረችው።

«እኔ ዘንድሮ ጨርሻለሁ» አለች። «እንጀራውን አዝዣለሁ። ዶሮውን ታርዶ፣ ተገነጣጥሎ እገዛለሁ። ቁሌት ሠርታ የምትሸጥ ሴት አግኝቻለሁ። ድፎ ዳቦው ከዳቦ ቤት ይመጣል። ቤት የሚሠራው ማዋሐድና ማንተክተክ ብቻ ነው።»

የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «አይ ልጄ! እንዲህ ከሆነማ ሆቴል አትወስጃቸውም?»

«ሆቴል ከወሰድኳቸው ቤቴ መጡ ይባላል እንዴ፣ እትዬ? እኔ ቤቴ እንዲበሉ ነው የምፈልገው።»

«ቤትሽ የበሉት የሌላ ሰው ወጥ ነዋ! ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው ያለው። በየመገጣጠሚያው በቢላ ይወጣል። ያ የሚሸጠው አጥንቱ ተቆራርጦ፣ ፈረሰኛው የቱ እንደሆነ እንኳ አይለይም። ለአባወራው ምን ልታወጪለት ነው?»

ልጅቷ ሳቀች እንጂ አልተበሳጨችም። «ፈረሰኛው ይቅርብን። ውሃውን ግን ያስቡት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ዶሮ በሎሚና በጨው እየደጋገሙ ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። ላባው ብቻውን ስንት ጀሪካን ይፈጃል?»

እዚህ ላይ እትዬ ዝም አሉ። ውሃ ጎንደር ላይ ክርክር የለውም።

ቁሌቱን ግን አልለቀቁም። የእሳቸው ጥያቄ ዛሬም ልክ ይመስለኛል። «ሽንኩርት በደረቁ ይቁላላል። ውሃውን ሳይጨርስ ዘይት ከገባበት፣ በርበሬም ብትጨምሪ ቅቤም ብትጨምሪ ወጡ አይነሣም። የገዛሽው ቁሌት ውሃውን መጨረሱን በምን ታውቂያለሽ? ቅቤውስ? ቅቤ ነው ተብሎ ምን እንደሚቀላቀልበት አልሰማሽም?»

መምህሩ ጓደኛችን በዚህ ገባ። «እኔም ከእትዬ ጋር ነኝ። የእናቴ እጅ ያልነካው ዶሮ በዓል በዓል አይለኝም።»

«አንተ ሽንኩርት ከትፈህ ታውቃለህ?» አለችው።

«አላውቅም።»

«ዶሮውን ግን አርደህ ታውቃለህ።»

«አዎ፣ በየበዓሉ።»

«ታዲያ አርደህ ለምን ትወጣለህ? ቢላው እጅህ ላይ ነው።»

መልስ አልነበረውም። እትዬ «ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ…» ብለው ጀምረው ሳይጨርሱት ቀሩ። ልጅቷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ዋናውን ነገር ተናገረች። «ከተራ ገሃድ ነው። የሚመጣው እንግዳ የጾም ይበላል፤ የጾሙ ወጥ ለብቻ፣ ለማግስቱ የፍስኩ ለብቻ ይሠራል። ታቦት ሲወርድ ጓዳ ነኝ። ታቦት ሲገባ ጓዳ ነኝ። ይህን በዓል ብሎ ሰው ከየአገሩ ይመጣል፤ በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ ሌሊቱን ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ማደር ያማረኝ ሰው ነኝ። በቴሌቪዥን ነው የማየው።»

ማንም አልተናገረም። ከዚያ እኔ እትዬን ጠየቅኋቸው፦ «እርስዎ በልጅነትዎ ጊዜ ለጥምቀት ስንት ሆናችሁ ነበር የምትሠሩት?»

«ኧረ ብዙ ነበርን! እናቴ፣ አክስቶቼ፣ የጎረቤት ልጆች፣ ከገጠር የመጣች ዘመድ። አንዷ ስትጋግር አንዷ ትከትፋለች። ብቻውን የሚሠራ ማን ነበር?»

የእኔ ፍርድ ከዚህ መልስ ነው የሚነሣው። የእትዬ እናት ቤት ያን ሁሉ እጅ ነበረው። ያ እጅ ዛሬ የለም። የጎረቤት ልጆች ትምህርት ላይ ናቸው፤ አክስቶች ሌላ ከተማ ናቸው፤ የቤቱ እመቤት ራሷ እስከ ከተራ ዋዜማ ቢሮ ናት። ባንክ ቤት የምትሠራው ልጅ በገንዘቧ የምትገዛው ያንን የጎደለ እጅ ነው። እንጀራ የምትጋግርላት ሴት፣ ድፎ የሚደፋላት ዳቦ ቤት የአክስቶቹን ሥራ ነው የሚሠሩት። በዚህ ስንፍና የለበትም። ስድስት ሰው ይሠራው የነበረውን አንዲት ሴት ብቻዋን እንድትሠራ መጠበቅ ግን ግፍ ነው። ይህን ስል ከልቤ ነው፤ ስንት እናት ጥምቀትን ጭስ ውስጥ አሳልፋለች።

እንጀራ ይገዛ። ዳቦ ይገዛ። ጠላም ከምታውቋት ጠማቂ ይምጣ፤ ጌሾና ብቅል ይዞ ሳምንታት መጠበቅ ለሠራተኛ ሰው አይሆንም። ዶሮውም ተገነጣጥሎ ይገዛ፤ ብቻ የሀበሻ ይሁን የፈረንጅ ጠይቁ። የፈረንጁ ቶሎ ይበስላል፤ እንደ ሀበሻው ረጅም ሰዓት ከተንተከተከ አጥንቱን ለቆ ይበታተናል። በመጨረሻ ላይ ነው ወጡ ውስጥ የሚገባው።

በቅቤና በበርበሬ ግን ከእትዬ ጋር ነኝ። የወጡን ጣዕም የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ የሚጭበረበሩትም እነሱ ናቸው። ሁለቱም ደግሞ የበዓል ቀን ሥራ አይደሉም። በርበሬ አስቀድሞ ይደለዛል፣ ይሰጣል፣ ይፈጫል። ቅቤም ከሚታመን ሰው ተገዝቶ ከወር በፊት በኮረሪማና በኮሰረት ቢነጠር አይበላሽም። ቁሌቱንም ቢሆን ሁለት ቀን ቀድሞ ቤት አቁላልቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በዓሉ ጥር ላይ ነው፣ የጎንደር ሌሊት ይበርዳል፣ ከፍሪጅ ጋር ችግር የለውም። የሚገዛም ከሆነ አስቀድሞ ትንሽ አስመጥቶ ድስት ላይ መሞከር ነው። ውሃውን ካልጨረሰ ያኔውኑ ይታወቃል።

ሽንኩርቱን መምህሩ ይክተፍ ብያለሁ። እሱም እሺ ብሏል፤ ጥር 8 ከሥራ በኋላ ባንክ ቤት የምትሠራው ልጅ ጋ ሊሄድ ቀጠሮ ይዘዋል። እትዬ ደግሞ ቁሌቱን መጥተው እንደሚያዩላት ነግረዋታል።