ይድረስ ለክቡር «200 ሜትር»

በሰዓቴ ፊት ላይ፣ ከ6 ቁጥር ከፍ ብለው፣ «ውሃ እስከዚህ ጥልቀት አላስገባም» እያሉ በነጭ ቀለም ተጽፈው ለሚኖሩት ለክቡር 200 ሜትር።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእሑድ በስተቀር ደህና ነኝ። እርስዎ ደህና እንዳልሆኑ ግን አውቃለሁ። ሁለት ሌሊት የእናቴ ሩዝ ውስጥ አድረዋል። እሷም ደብዳቤ ልትጽፍልዎ ፈልጋ ነበር፤ እኔ ነኝ የያዝኳት።

ጉዳዬ የእሑዱ ነው። የካቲት 1። የአክስቴ ልጅ ሠርግ።

ነገሩ የተበላሸው ጠዋት ነው። መቼም የእኛ ወር 30 ነው። እርስዎን የሠሩት ሰዎች ደግሞ 31 ሳይቆጥሩ አይተኙም። ስለዚህ ወር በባተ ቁጥር፣ በልደታ፣ ሰዓቴ «31» ብሎ ይጠብቀኛል። ጥር 31! እንዲህ የሚባል ቀን ድሬዳዋ ውስጥ የለም፤ የትም ቀበሌ ቢሄዱ አያገኙትም። መሙያውን፣ በጎኑ ያለችውን እንደ ብሎን የምትጠብቅ ቁልፍ፣ ፈትቼ፣ አንዴ ሳብ አድርጌ፣ ቀኑን ወደ 1 መግፋት አለብኝ። (ጳጉሜን ሲያልቅማ 26 ጊዜ ነው የምገፋው። እሱን ሳስብ ከአሁኑ ጣቴን ያመኛል።)

ይሄም ደግሞ በፈለጉት ሰዓት አይነካም። እጆቹ ከ9 እስከ 3 ባለው መካከል እያሉ ቀን ከገፉ፣ ውስጥ ያለችው ጥርስ ልትሰበር ትችላለች። ፈረንጅ ይሄ አያስጨንቀውም፤ ለእሱ ያ ሌሊት ነው፣ ተኝቷል። እኔ ግን ሰዓቴን የማስረው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ቀኑም የሚዞረው ንጋት 12 ላይ ነው። ስለዚህ ክልክሉ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሆነ። ተጣጥቤ፣ ሱፌን ለብሼ፣ ሽቶ ተቀብቼ፣ 3 ሰዓት እስኪያልፍ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ለሰዓቱ ሲል የሚያረፍድ ሰው አይተው ያውቃሉ?

3 ሰዓት አለፈ። ፈታሁ፣ ሳብኩ፣ ገፋሁ። 1 መጣ። ውጭ ባጃጁ ክላክሱን ያንባርቃል፤ እህቴ «አቦ ና እንጂ!» ትላለች። መሙያውን ወደ ቦታው መለስኩት። ማጥበቁን፣ ውሃ የምታስቀረውን ያቺን ሁለት ሦስት ዙር፣ ረሳኋት።

ጥፋቴን አልደብቅም። ይሄው በራሴ እጅ ጻፍኩት።

ሠርጉ ቤት ሙቀቱ የድሬ ሙቀት ነው። ኮቴን አወለቅሁ። እጅጌዬን ሁለት ጊዜ ጠቀለልኩ። በሙቀቱ አሳበብኩ እንጂ ለእርስዎ ክብር ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ዘመድ አየዎትና «ቆንጆ ሰዓት ነው» አለኝ። ዋጋዎን አልነገርኩትም። በጣቴ እርስዎን አሳየሁት።

«200 ሜትር ውሃ ውስጥ ይገባል» አልኩት።

«አንተ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ሰዓቱ።»

«ታዲያ ብቻውን ገብቶ ምን ሊያደርግ ነው?»

ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ።

ከዚያ እጅ የሚያስታጥበው ልጅ መጣ። ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። ሰዓት ያሰረ ሰው ሁሉ ሲታጠብ ሰዓቱን ወደ ክርኑ ገፋ ያደርጋል። እኔ ወደ መዳፌ አወረድኩት። «ጨምር አባቴ፣ አትፍራ፣ ጨምር» አልኩት። ዘመዴ እያየ ነው። ልጁ ጨመረ። ውሃው በመስታወቱ ላይ ኮለል ሲል እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሁለተኛውን ጉርሻ ስጎርስ በ4 ቁጥር ስር አንዲት ጠብታ አየሁ። ምስር የምታህል። ከላይ መስላኝ በሶፍት ጠረግኋት። አልጠፋችም። ደግሜ ጠረግሁ። ከዚያ ጉሙ ተነሳ። ከጠርዙ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ መሃል ገባ፤ ደቂቃ ቆጣሪውን ዋጠው፣ ሰዓት ቆጣሪውን ዋጠው። መጨረሻ ላይ እርስዎ ብቻ ቀሩ። በጉሙ ውስጥ «200 ሜትር» ብቻ ይነበባል።

እንዲህ እያለሁ ነው ፊት ለፊቴ የተቀመጡት አዛውንት ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ? ሙሽሮቹ ቆዩ» ያሉኝ። ዘጠና ሰው ባለበት ዳስ ውስጥ የመረጡት እኔን ነው። ሰዓቴ ከሩቅ ስለሚያበራ።

«ስምንት... ይሆናል ጋሼ።»

«ይሆናል?»

ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ድሬ ደግሞ ሐዲዱ ሲደርስ፣ በ1902 እ.ኤ.አ.፣ የተቆረቆረች የባቡር ልጅ ናት። በእሳቸው ቤት «ይሆናል» የሚባል ሰዓት የለም። እጄን ያዙና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ጉሙ የመነጽራቸው መስሏቸው ነው። እንደገና አዩ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ በሐዘኔታ ጭምር፣

«ልጄ... ዓሣም አለው?»

ዳሱ ምን እንደሆነ እኔ አልነግርዎትም። ልጁ ሳፋውን እንደያዘ «ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው ጨምር ያለኝ!» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። ኬክ ሳይቆረስ ስሜ «ጠላቂው» ሆኖ አደረ። በማግስቱ መልስ ላይ ያው ልጅ ማንቆርቆሪያውን ይዞ እኔ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ባዶ እጄን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ዛሬ የለም አይደል?» ብሎኝ ነው ያፈሰሰው።

ክቡር ሆይ፣ ከማንቆርቆሪያው አፍ እስከ እጄ አንድ ስንዝር ነው።

እንዴት እንደተዋወቅን ላስታውስዎ። 19 ሆነን በወር 5,000 ብር እቁብ እንጥላለን። ኅዳር ላይ ዕጣው ወጣልኝ፤ 95,000 ብር። እኔም ከልጅነቴ አንድ የምመኘው ነገር ነበረኝ፤ ጥሩ የጠላቂ ሰዓት። ብሩ ሳይለቀቅ ዶላር 57 ብር ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ሲለቀቅ ዶላር 100ን አልፎ ሲሮጥ፣ ምኞቴ ባለበት ቆሞ እጁን ያውለበልብ ነበር። ሮሌክስ ሰብማሪነር በ1953 እ.ኤ.አ. የመጣ ነው፤ እቁቤን እስከ ልጅ ልጄ ቢያወጡልኝ አልደርስበትም። የብላንፓን ፊፍቲ ፋቶምስም የዚያው ዓመት ልጅ ነው፣ እሱን ዋጋውን አይቼ ስልኬን ዘጋሁ። የሮሌክስ ታናሽ ወንድም ቱዶርም ወንድምነቱ ለሮሌክስ እንጂ ለእኔ አልሆነም።

ጅቡቲ የሚመላለስ አንድ ጓደኛ አለኝ። «አዲስ ጃፓን ግዛ» አለኝ። «ሴይኮ የጠላቂ ሰዓት የጀመረው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያኔ 150 ሜትር ነበር። ዛሬ 200 ሜትር፣ አውቶማቲክ፣ ከነካርቶኑ፣ ከነዋስትናው ታገኛለህ። ኦሪየንትም አለልህ። ገንዘብም ይተርፍሃል።» እሺ ብለው ኖሮ ዛሬ ይሄ ደብዳቤ አይደርስዎትም ነበር። እኔ ግን ሰዓቱ ፊት ላይ «ስዊስ ሜድ» የምትለዋን ጽሑፍ ፈለግሁ። ስዊዘርላንድ እንደኛው ባሕር የላትም። ያለ ባሕር በር የባሕር ሰዓት ለዓለም ትሸጣለች፤ እኛ ገና በሩ ላይ ስብሰባ ነን። አዲሱን ስላልቻልኩ ያገለገለ ገዛሁ።

ለምን እንደፈለግሁዎት ራሴም አላውቅም። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት። ወደ እርስዎ 200 ለመጥለቅ መጀመሪያ 1,200 መውረድ አለብኝ። ባሕሩም ቢሆን ጅቡቲ ነው፣ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ደግሞ ገደቡ 40 ሜትር ነው፤ የተረፈውን 160 ለማን እንደያዙልኝ አላውቅም። የከተማችን ወንዝ ደቻቱ አለ እንዳይሉኝ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ውሃ ሲያመጣ ደግሞ አይቀለድበትም። በ1998 ክረምት ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። እሱን እንተወው።

ሌላም ሌላም ቂም አለኝ። የድሮ ሰዓቴ ላይ «30 ሜትር» የሚል የአጎትዎ ልጅ ነበር፤ ትርጉሙ «ካፊያ ይችላል» ማለት እንደሆነ የነገረኝ ሰው ከዋኘሁ በኋላ ነው የመጣው። ሻጩ ሂሊየም ማስወጫ ያለው ሌላ ሰዓትም አሳይቶኝ ነበር። እኔ የማውቀው ሂሊየም የልደት ፊኛ ውስጥ ያለውን ነው።

በመስታወቱ ዙሪያ የሚዞረው ቀለበትዎ ግን ጠቅሞኛል፣ አልክድም። ጠላቂው የቀረው አየር ከእውነቱ በላይ እንዳይመስለው ተብሎ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር ተደርጓል። እንደ ዘይት ዋጋ። ድሬ ላይ የሚለካ አየር ስለሌለኝ ወረፋ ለካሁበት። አንድ ቢሮ ግድግዳው ላይ «ደንበኞች በ15 ደቂቃ ይስተናገዳሉ» የሚል ወረቀት በመስታወት አስገብቶ ሰቅሏል። ምልክቷን ደቂቃ ቆጣሪው ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። መስኮት 3 ቅጽ ላከኝ፣ ቅጹ ፎቶ ኮፒ ላከኝ፣ ፎቶ ኮፒው መብራት የለም አለኝ፤ ስመለስ ሲስተም ሄዷል። አንድ ዙር። ሻይ ወጥተዋል። ሁለት ዙር። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ሦስት ዙር። ቀለበቱ ጠቅ ጠቅ ሲል አጠገቤ ያሉት እናት «ልጄ መቁጠሪያ ነው?» አሉኝ። አዎ እማማ፣ መቁጠሪያ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ወደ ሰዓት ሠሪ ወሰድኩዎት። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር አንዲት ጠረጴዛ ያለችው ሰው ነው። ውሃውን ይመጥልኛል ብዬ ሩዝ ውስጥ እንዳሳደርኩዎት ስነግረው «እሱን ቀቅላችሁ ብሉት» አለኝ። ጀርባዎን ከፈተ። ውሃ እንዳይገባ የምትይዘዋ ቀጭን ጎማ እንደ ድርቆሽ ተሰባብራ ወጣች። ሲያቀርበው፣ ሲያርቀው ቆየና አጉሊውን ለእኔ ሰጠኝ። ማሽኑ ጥግ ላይ ቡናማ ነገር አለ። የተጋገረ። በላዩ ዘይት ተለቅልቆበታል።

«ይሄ የእሑድ አይደለም» አለኝ። «ከዚህ በፊት ገብቶበታል። ያወቀ ሰው ጠርጎ፣ ቀብቶ ዘግቶታል። መሙያውን ብታጠብቀውም ያስገባ ነበር።»

እንግዲህ አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃ።

አንተ 200 ሜትር። እኔ ባዶ እጄን አልሄድኩም። አንብቤ ነው የሄድኩት። የጠላቂ ሰዓት አይሶ 6425 የሚባል ደረጃ እንዳለው፣ ቢያንስ 100 ሜትር መቻል እንዳለበት፣ እያንዳንዱ ሰዓት ከተጻፈበት ሩብ ያህል ጨምሮ እንደሚፈተን አውቃለሁ። ጎማ በዕድሜና በሙቀት እንደሚደርቅም አውቃለሁ። ስለዚህ ሻጩን ጠየቅሁት። ጎማው መቼ ተቀየረ? በግፊት ተፈትኗል ወይ? መልሱ አንተ ነበርክ። መስታወቱን በጥፍሩ ቆርቆር አድርጎ አንተን አሳየኝ። «200 ሜትር ይላል እኮ አቦ! አታነብም?» አለኝ። እኔም አነበብኩ። አፈርኩና ዝም አልኩ፤ ገንዘቡን ቆጠርኩለት።

ያ ገንዘብ የእኔ ብቻ አልነበረም። እቁባችን ውስጥ ከፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት አለች። የእሷ ተራ ገና ነው። ዕጣው ለእኔ ሲወጣ ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው እሷ ናት። ዝገቱን ቀብቶ የዘጋው ሰው ያንን አያውቅም። ቢያውቅም ይቀባ ነበር። አንተና ያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው «15 ደቂቃ» የአንድ እናት ልጆች ናችሁ። ተጽፎ ይታያል፤ ተጽፏልና የሚጠይቅ ሰው ነው ነገረኛ የሚባለው።

ለሻጩ ደወልኩለት። ሳቀ። «እሱ ለባሕር ነው የተሠራው፣ ማንቆርቆሪያ ላይ ማን ሞክር አለህ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አያነሳም።

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ። ወደ ደብዳቤዬ ልመለስ። ውሃ የማያስገባ ብለው ሸጡዎት፣ ውሃ የማይቋጥር ወሬ ሆነው ቀሩ ልል ነበር። ግን ሐሜት ይሆንብኛል፤ ውሃውንስ በደንብ ቋጥረዋል።

ሰዓት ሠሪው ማሽኑን አጥቦ፣ ዝገቱን ጠርጎ፣ ጎማ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ለመግጠም 12,000 ብር ጠይቆኛል። «ከዚያ በኋላስ ውሃ አያስገባም?» አልኩት። አጉሊውን ከዓይኑ አወረደ። «ጎማውን አደርግልሃለሁ። መፈተሻ ማሽን ግን የለኝም። እጅህን ስትታጠብ አውልቀው።»

ከሠላምታ ጋር፣
ጠላቂው
ድሬዳዋ

ግልባጭ፦
ለ30 ሜትር፣ ባለበት
«በ15 ደቂቃ ይስተናገዳሉ» ለሚለው ወረቀት፣ ግድግዳው ላይ
ለእናቴ፣ ስለ ሩዙ