መጀመሪያ ጀነሬተሩ

ባለፈው ደሴ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ «እኛስ ለምን ቺፕ አንሠራም? ኮምቦልቻ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ደላንታ ላይ ኦፓሉ አለ» አለኝ። ቺፕ በብዛት የሚሠራው ከሲሊከን ነው፤ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ደግሞ ሲሊካ ነው፤ ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠራ፣ ትንሽ ውሃ ያዘለ። እውነቱን ነው። ግን ሲሊካ አሸዋም ውስጥ ሞልቷል። ቁም ነገሩ ሌላ ጋ ነው።

ደላንታ ያደገ ሰው የኅዳርን አመዳይ ያውቃል። ማታ ደረቅ የነበረው ሣር ጠዋት ነጭ መርፌ አብቅሎ ያድራል። ዝናብ አልጣለም። አየር ውስጥ የነበረው እርጥበት የቀዘቀዘ ነገር ሲያገኝ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሆነ።

በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቺፕ ውስጥ ያለው የሲሊከን ካርባይድ (የሲሊከንና የካርቦን ውሁድ) ክሪስታልም የሚያድገው እንደዚሁ ነው። ተራ ሲሊከን 1414 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ክሪስታሉ ከቅላጩ እየተሳበ ይወጣል። ሲሊከን ካርባይድ ግን በተለመደው ግፊት ሳይቀልጥ ይተናል። ስለዚህ ዱቄቱን ከግራፋይት ማሰሮ ሥር ያደርጉታል፤ ክዳኑ ላይ «ዘር» የሚሉትን ስስ ክሪስታል ይለጥፋሉ። ጥቂት የአርገን ጋዝ ያስገቡና ከ2000 ዲግሪ በላይ ያግሉታል። ትነቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለው ዘር ላይ ያርፋል። ወጥ ሲንተከተክ ክዳኑ ላይ ላብ እንደሚቋጥረው ማለት ነው። ዘሩን የጨመሩበት ታይሮቭና ፅቬትኮቭ የተባሉ የሶቪየት ሳይንቲስቶች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1978።

ችግሩ ጊዜው ነው። ክሪስታሉ በሰዓት አንድ ሚሊሜትር እንኳ አያድግም። ምድጃው ለቀናት ሳይጠፋ መንደድ አለበት። ማሰሮው ዝግ ስለሆነም ውስጡ ምን እንደተፈጠረ የሚታወቀው ሲከፈት ነው።

ተማሪ ሳለሁ ከዚህ በጣም የቀለለውን ሞክረን ነበር፦ ካድሚየም ሰልፋይድ የሚባል ቢጫ ክሪስታል፣ በኳርትዝ ቱቦ፣ በትንሽ ምድጃ። ሦስተኛው ሌሊት ላይ መብራት ሄደ። ጠዋት ስንከፍተው ቱቦው ተሰንጥቋል፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ቢጫ ፍርፋሪ ነው። ጓደኛዬ በማንኪያ ሲፍቀው አሁንም ይታየኛል።

ስለዚህ ለወዳጄ ያልኩት ይህን ነው፦ ፋብሪካው ይቆይ። ለፊዚክስ ተማሪዎች አንድ የቱቦ ምድጃ፣ አንድ ጀነሬተርም ይገዛላቸው። ተራ ገብተው ሌሊቱን ቴርሞሜትር እያዩ ይደሩ።

«ጀነሬተር ብቻ?» አለኝ።

«ናፍጣውም ጭምር።»