ኤሚ ዋይንሃውስን የገደላት ሄሮይን አይደለም

ወንድሜ፣ ለእንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ለኤሚ ዋይንሃውስ ያለህ ፍቅር የእኔም ነው፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ በየዘመኑ አይገኝም። «ሄሮይን ገደላት፤ በመጠጡ ብቻ ብትወሰን ኖሮ ዛሬም ትዘፍን ነበር» ያልከውን ግን እዚህ ጣፎ ብዙ ልጆች ስለሚደጋግሙት ላርመው።

ሐምሌ 16 ቀን 2003 ዓ.ም. ለንደን ቤቷ ውስጥ በ27 ዓመቷ ያረፈችው በአልኮል መመረዝ ነው። በደሟ ውስጥ ሕገወጥ ዕፅ አልተገኘም። የተገኘው በ100 ሚሊ ሊትር ደም 416 ሚሊ ግራም አልኮል ነው፤ እዚያ አገር ለአሽከርካሪ የሚፈቀደው 80 ነው። ክፍሏ ውስጥም ባዶ የቮድካ ጠርሙሶች ነበሩ። ቀደም ሲል ዕፅ መጠቀሟ እውነት ስለሆነ ግምቱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የሞቷ መንስኤ ምርመራ በ2005 ዓ.ም. እንደገና ታይቶ ያው ውጤት ጸንቷል፤ የቢቢሲን የወቅቱ ዘገባ ፈልገህ ቁጥሩን ማየት ትችላለህ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በፊት ለሳምንታት መጠጥ አቁማ መቆየቷ ነው። ያቆመ ሰውነት የድሮውን መጠን አይችልም። ስሕተቱ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው፦ «እኔ አረቄ እንጂ ዕፅ አልነካም» እያለ ራሱን ደህና አድርጎ የሚቆጥር ጎረቤት አለን፤ ከጠበል መልስ በድሮው ልክ የሚጀምርም አለ።