መጋዝ የያዘው ሳይጠየቅ

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ የአንድ የድሮ መኪና ትርዒት አዘጋጆች አዲስ ደንብ አወጡ። የጠፋ የትርዒት መኪና (ፋብሪካ ለማሳያ ብቻ ሠርቶት የነበረ) እንደ አዲስ የሠራ ሰው ሣሩ ላይ ከዋናዎቹ፣ ፋብሪካው ራሱ ከሠራቸው፣ ጋር መቆም አይችልም። ከፈለገ የእንግዶች ማቆሚያ ውስጥ፣ ምግብ ከሚሸጥበት ድንኳን ጀርባ ያቁም። ከዳኞቹ አንዱ ደግሞ ማብራሪያ ጨመሩበት። ፋብሪካዎቹ መኪኖቹን ያጠፏቸው አስበውበት ነው፣ ኑዛዜያቸውን ማክበር አለብን አሉ።

ኑዛዜ! ደንቡንስ እሺ። እኔን ያቃጠለችኝ ይቺ ቃል ናት።

የማን ኑዛዜ? በ1950ዎቹ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ጀነራል ሞተርስ (የቡዊክ፣ የሸቭሮሌና የካዲላክ አምራች) ሞቶራማ የሚባል ተጓዥ ትርዒት ነበረው። ኒውዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ይከፈትና ከከተማ ከተማ ይዞራል። በሃርሊ ኧርል የሚመራው የንድፍ ክፍል የነገ መኪና ብሎ ያወጣውን ሕዝብ ተሰልፎ ያያል። ትርዒቱ ሲያልቅ መኪናው ቦታ ይዞ ይቀራል። ለመንገድ ስላልተሠራ አይሸጥም፤ ተሸጦ ሰው ቢሞትበት ጣጣው ለፋብሪካው ነው። ስለዚህ ቁረጡት ተባለ። ይሄ በየትኛው ቋንቋ ነው ኑዛዜ የሚባለው? መጋዘን ማጽዳት ነው።

ነዳፊው መኪናው እንዲጠፋ ይፈልግ ነበር ለሚሉኝም ጥያቄ አለኝ። ራሱ ሃርሊ ኧርል በ1938 የወጣችውን ቡዊክ ዋይ-ጆብ ምን አደረጋት? አስቆረጣት? ለዓመታት የግል መኪናው አድርጎ ነዳት። ዛሬም አለች። ፋየርበርድ የተባሉት ሦስቱ ባለ ተርባይን መኪኖችም በፋብሪካው እጅ ተጠብቀው አሉ። የወደዱትን አስቀመጡ፣ ያልወደዱትን ጣሉ። ከስልሳ ምናምን ዓመት በኋላ ተነስቶ ቆሻሻ አወጋገዱን ቃል ኪዳን ማድረግ የጤና አይመስለኝም።

የተጣሉት የት ሄዱ? አንዳንዶቹ ሚቺጋን፣ ስተርሊንግ ሃይትስ፣ ዋርሁፕስ የሚባል የቆራሌ ግቢ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጆ ቦርትዝ የተባለ የቺካጎ አካባቢ ሰብሳቢ እዚያ ግቢ ውስጥ አገኛቸው። የ1955ቷ ሸቭሮሌ ቢስኬይን ነበረች። ላሳል ቱ የሚባሉት ሁለት መኪኖች፣ አንዱ ክፍት አንዱ ባለ አራት በር፣ ነበሩ። የ1956ቱ ካዲላክ ኤልዶራዶ ብሮም ታውን ካርም ነበር። ሠላሳ ዓመት ገደማ ዝናብና በረዶ ሲወርድባቸው ከርሟል። ፈላጊ ባይኖር ዛሬ ስማቸውን እንኳ የሚያነሳ አይኖርም ነበር። ኑዛዜው ይከበር ቢባል ኖሮ ደግሞ ቦርትዝ አጥሩ ጋ ደርሶ ይመለስ ነበር ማለት ነው።

ፍለጋው አላለቀም። በ1953 ከተሠሩት አራት ካዲላክ ለማን መኪኖች አንዱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሆነ ጎተራ ውስጥ ጆንያ ተጭኖበት ይሆናል፤ ማን ያውቃል?

ዋናው ነገሬ ግን ቢስኬይን ናት። እሷ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቢስኬይን ስትገኝ ቁርጥራጭ ነበረች። ቦዲዋ ፋይበር ግላስ ነው። ፋይበር ግላስ ሲቆረጥ አይታችሁ ከሆነ ጠርዙ ላይ ፀጉር የመሰለ ክር ይወጣል፤ እጅ ሲነካው ያሳክካል። ያንን ጠርዝ ከጠርዝ ጋር ገጥሞ፣ ለጥፎ፣ ስቱኮ አልብሶ፣ አሸዋ ወረቀት ፈትጎ መልሶ መኪና ማድረግ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። ሻንሲዋስ (ቦዲው የሚቀመጥበት አጽም)? ሻንሲዋ አልተገኘም። አዲስ ተሠራላት። ዛሬ ቢስኬይን የትም ትርዒት ብትሄድ ሰው ተነስቶ ያጨበጭብላታል። እኔም አጨበጭባለሁ፤ ይገባታል። (ስሟ ግን አሳዛኝ ነው። ፋብሪካው በ1958 ቢስኬይን የሚለውን ስም ለተራ ሞዴል ሰጠው፤ ከ1959 ጀምሮ ደግሞ የርካሹ ሞዴል ስም ሆነ። ታክሲና የፖሊስ መኪና ሆኖ ዘመኑን ጨረሰ።)

እንግዲህ ልጠይቅ። አዲስ ሻንሲ ያላት መኪና ዋና ናት። በሯ ቢጠፋና አዲስ በር ቢሠራላትስ? ዋና ናት ይላሉ። ፓራፋንጎዋም (የጎማ ሽፋኗ)፣ ኮፈኗም፣ ጣሪያዋም ቢጠፋስ? የቱ ጋ ስትደርስ ነው ከሣሩ ላይ የምትባረረው? በመቶ ስንት? ደንቡ ይሄን አይልም። አይልም ምክንያቱም ያወጡት ሰዎች አላሰቡበትም።

ባለፈው ሚያዝያ ኦሃዮ ውስጥ የአንድ ጡረተኛ መካኒክ ጋራዥ ገብቼ ነበር። ሰውየው ከ1954ቱ ሞቶራማ የኮርቬት ኖማድን እየሠራ ነው። የኮርቬት ፊት ያላት፣ ከኋላ እንደ ቤተሰብ መኪና የምትረዝም፣ ቆንጆ ነገር። ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አሳድጎ ለጥፏል። የሚያውቀው ልክ አንድ ብቻ ነው፤ ቸርኬው 15 ኢንች ነው። ከዚያ በማስመሪያና በማጉያ መነጽር የቀረውን ያወጣዋል። የቸርኬው ስፋት ፎቶው ላይ ይሄን ያህል ከሆነ በሩ ይሄን ያህል ነው፣ መስኮቱ ይሄን ያህል ነው እያለ። የግራውን ፓራፋንጎ በፎም ሦስት ጊዜ ጠርቦ ሦስቴም ጥሎታል። አራተኛው ጠረጴዛው ላይ ነበር። እጄን አሳለፍኩበት። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ዳበሰውና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። እዚህ ጋ አብጧል አለኝ። እኔ ምንም አልታየኝም።

አሁን ወደ ዋናዋ ኖማድ እንምጣ። ዋናዋ ከምን ተሠርታ ነበር? ፋብሪካው የ1953 ሸቭሮሌ የቤተሰብ መኪና ሻንሲ ወስዶ ፋይበር ግላስ አለበሰው። አለቀ። ጡረተኛውስ ምን አደረገ? የ1953 ሸቭሮሌ የቤተሰብ መኪና ሻንሲ ፈልጎ ገዝቶ ፋይበር ግላስ እያለበሰው ነው። ያው ሻንሲ፣ ያው ዕቃ፣ ያው አሠራር። ልዩነቱ ያኛው የፋብሪካ ደመወዝተኛ ነበር፤ ይሄኛው ከጡረታው እየቀነሰ ነው የሚሠራው። ማጭበርበር ነው የሚሉት ደግሞ አለ። አጭበርባሪ የሚደብቅ ነው። ሰውየው መኪናዋ በር ላይ እኔ ነኝ የሠራኋት የሚል ሰሌዳ ሊለጥፍ አስቀርጾ ጨርሷል።

ዋናው ብቻ ይታይ ለሚሉት ሌላም አለኝ። የ1955ቷ ሊንከን ፉቱራ የምትባል የትርዒት መኪና ጣሊያን አገር፣ ቱሪን ውስጥ ጊያ የተባለ ቦዲ ሠሪ ድርጅት የሠራት ናት። ሩብ ሚሊዮን ዶላር ወጥቶባታል፤ እንደ ዕንቁ የምታበራ ነጭ ነበረች። ጆርጅ ባሪስ በአንድ ዶላር ገዝቶ በ1966 የቴሌቪዥኑ ባትማን መኪና አደረጋት። በ2013 በጨረታ 4.6 ሚሊዮን ዶላር ወጣች። ዋናዋ አለች፤ ግን ጥቁር ቀለምና የሌሊት ወፍ ክንፍ ሥር ናት። ፉቱራን ማየት የሚፈልግ ሰው ምን ይሁን? ባትማንን ይፋቀው? እንደገና ከመሥራት ውጪ መንገድ ካለ ንገሩኝ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጉዳዩ ኑዛዜም ታሪክም አይደለም፤ ገንዘብ ነው። ኦልድስሞቢል ኤፍ-88 የተባለው የ1954 የትርዒት መኪና በ2005 ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሰው አጠገቡ ጡረተኛ በፎምና በማስመሪያ የሠራው ነገር ሲቆም ሆዱ ይባባል። ሕዝቡ ለሁለቱም እኩል ካጨበጨበ ሚሊዮኑ ምን ሆነ? ይሄን ግን አፍ አውጥቶ መናገር ያሳፍራል። ስለዚህ ኑዛዜ ይባላል። መጋዝ የያዘውን ፋብሪካ የሚናገር የለም፤ ዱላው ሁሉ የተቆረጠውን ለሚገጥመው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል እንዲህ ነው።

አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ፤ አንድ ብቻ። ፍለጋ ሁሉ ጥሩ አይደለም። የክራይስለር የትርዒት መኪና፣ የኖርስማን ነገር አለ። እሷም ጊያ ቱሪን ላይ አሥራ አምስት ወር የደከመባት ናት። (እኛም ጋራዥ ገብተን ፓራፋንጎ የምንለው ከጣሊያኖቹ ወስደን ነው።) ጣሪያዋ ከኋላ ብቻ ተይዞ ወደፊት የተዘረጋ ነው፤ ፓራብሬዛዋ (የፊት መስታወቷ) ግራና ቀኝ ምሰሶ የለውም። አንድሪያ ዶሪያ የተባለ መርከብ ላይ ተጭና ወደ አሜሪካ ስትመጣ ሐምሌ 1956 መርከቡ ናንታኬት ደሴት አጠገብ ስቶክሆልም ከሚባል ሌላ መርከብ ጋር ተጋጨ። 51 ሰው ሞተ። መኪናዋን አንድም አሜሪካዊ ትርዒት ላይ ሳያያት ሰጠመች። መርከቡ ያለበት ጥልቀት ከ70 ሜትር ያልፋል። ወደዚያ ከጠለቁት ከ15 በላይ ሰዎች አልተመለሱም። ለዝገት ሰው መሞት የለበትም፤ እዚህ ላይ አንከራከርም። ግን ከመጫኗ በፊት የተነሳቻቸው ፎቶዎች አሉ። ቸርኬዋም ይታያል። ከባሕር ማውጣት ካልተቻለ መሥራት ነዋ!

ለአዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ከርሞ ቢስኬይን ብትመጣ የት ልታቆሟት ነው? ሻንሲዋ አዲስ ነው። የጡረተኛው ኖማድ ሻንሲ የ1953 ነው። ከምግብ ድንኳኑ ጀርባ የምትሄደዋ የትኛዋ ናት?